የስምንት ሰዓቱ ፕሮግራም

እታፈራሁ የምትሠራበት የቴሌቪዥን ጣቢያ በየቀኑ ሰው ቤት እየደወለ ትናንት ምን እንዳዩ ያስጠይቃል፤ ጠያቂዋ እሷ ናት። ጠባቧ ክፍሏ የአቧራና የሞቀ ኮምፒውተር ሽታ አላት፤ ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ድምፁ ተዘግቶ የጣቢያውን ሥርጭት ሲያሳይ ይውላል፤ እሷም ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ በማይሰለች ትሕትና «ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የትኛውን ጣቢያ ተመለከቱ?» ትላለች። መልሱ ለወራት ያው ነበር። በዚያ ሰዓት ተፎካካሪው ጣቢያ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ስለሚያሳይ፣ የእነሱን የሽንኩርት አተካከል ድጋሚ ፕሮግራም ከሽንኩርቱ በቀር የሚያየው አልነበረም።

ሰኞ ግን ሦስት ሰዎች «የእናንተን ነው ያየነው» አሏት። ማክሰኞ ሃያ ሆኑ።

«ሽንኩርቱን?» ብላ ጠየቀች።

«የምን ሽንኩርት? አልጋ ላይ የተኙትን እናት ነዋ!» አሉ አንዲት የኮልፌ ሴትዮ። «ልጃቸው ስትንከባከባቸው እኮ እንባዬ ነው የሚመጣው።»

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሥራዋን አቁማ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። አንድ ገበሬ ጎንበስ ብሎ መደብ ያስተካክላል። ሰዓቱ እስኪያልቅ ሌላ ነገር አላየችም።

ረቡዕ ከደወለችላቸው ሰዎች ዝርዝሩ መጣ። አልጋ ላይ የተኙት እናት ግራ ጎናቸው አይታዘዝም፤ የለበሱት ብርድ ልብስ የነብር ሥዕል አለበት፤ የተሰበረው መስኮት በራጅ ፊልም ተሸፍኗል። እታፈራሁ መጻፏን አቆመች። ያንን ራጅ በፕላስተር የለጠፈችው ራሷ ናት። እናቷ ደም ግፊት ከጣላት ሁለት ዓመቷ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትውላለች፤ እታፈራሁም ጠዋት በሩን ከውጭ ቆልፋባት ትወጣለች። ምን ታድርግ፣ ሌላ ሰው የላቸውም።

ማታ ስትገባ የእናቷ ፀጉር ሹሩባ ተሠርቶ አገኘችው፤ ቤቱም እነሱ ገዝተውት የማያውቁት የለጋ ቅቤ ሽታ ሞልቶታል።

«ማን ሠራሽ እማዬ?»

«አንቺ ነሻ! ቀን ሠራሽኝ» አለች እናቷ በፈገግታ።

እታፈራሁ ቁም ሣጥኑን ከፈተች፣ አልጋው ሥር አየች፣ መጸዳጃ ቤቱን ፈተሸች። ማንም የለም። ፍርሃቷን ለማን እንደምትናገር አላወቀችም።

ሐሙስ ጠዋት በሩን ሁለት ጊዜ ቆልፋ በቀጥታ ወደ ፕሮግራም ኃላፊው ወደ አቶ ሙሉሸዋ ሄደች፤ ከስብሰባ የወጡት ግን ሰባት ሰዓት ሲሆን ነው። እሳቸው የተፎካካሪውን ጣቢያ አዲስ የፕሮግራም ሰሌዳ ይዘው ይስቃሉ፤ የቱርኩ ድራማ ሸሽቶ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተዛውሯል።

«ጋሼ፣ ሰው የሚያያት እናቴ ናት። እባክዎ ያንን ሰዓት ይዝጉት።»

«እታፈራሁዬ፣ እኛ የምናሳየው ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት ደግሞ አሸንፏል፤ ጫፉን አልነካውም!»

እውነታቸውን ነው፤ በእጃቸው የሚዘጋ ነገር አልነበረም።

ክፍሏ ተመልሳ የመጀመሪያውን ቁጥር ደወለች፤ አንድ ሽማግሌ አነሱ።

«ልጅቱ ምን ትመስላለች?» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ድምፅሽን ስሰማ እሷ የደወለች ነበር የመሰለኝ» አሉ። «ትናንት ሲያልቅ እኮ ልጅቱ እናቷን ‹ነገ አንድ ክፉ ነገር በራችን ይመጣል› አለቻቸው። ዛሬ ማን ከቤቱ ይወጣል ብለሽ ነው?»

ማዳመጫውን ወርውራ ሮጠች። መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር ታክሲው አንድ ፌርማታ ለመሄድ ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ ወርዳ በእግሯ ጨረሰችው፤ ሕንፃው ሥር ስትደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ደረጃው ላይ ሰው አልነበረም። ከየበሩ ሥር ግን አንድ ዓይነት የቴሌቪዥን ድምፅ ይወጣል፤ ማበጠሪያ ፀጉር ውስጥ ቀስ እያለ ሲያልፍ፣ አሮጊት በእፎይታ ስትተነፍስ፣ አልጋ ሲንቋቋ ይሰማል፤ ሽቅብ በወጣች ቁጥር የቅቤው ሽታ ይበረታባት ጀመር።

ቁልፉ ዞረ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። ከውስጥ ተቀርቅሯል። እናቷ ተነሥታ መቆም እንኳ አትችልም።

«እማዬ! እኔ ነኝ፣ ክፈቺልኝ!»

«ሂጂ ወዲያ!» አለች እናቷ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ። «ልጄማ እዚህ አጠገቤ ናት!»

እታፈራሁ በሁለት እጇ በሩን ደበደበች። ድብደባዋ ከየቴሌቪዥኑ እያስተጋባ ተመለሰላት፤ በየፎቁም በየቀኑ ሰላምታ የሚሰጧት ጎረቤቶቿ ሁሉ ቀስ ባለ ድምፅ «አይክፈቱላት እናቴ፣ አይክፈቱላት» እያሉ ሲማጸኑ ሰማቻቸው።