ጥጡ ላይ የወጣው ቀለም

ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ ከአሁኑ እለፉት። እኔ ምልክቱ አሁንም እጄ ላይ ነው። በዚሁ በግራ እጄ...

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ፀሐይዋ በመስታወቱ በር ገብታ የሱቁን ወለል ሞልታዋለች። እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ ብቻ ነው የሚመጣው ያላችሁ ሰው ካለ ዋሽቷችኋል።

የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነኝ። በወሬ ማንም አይችለኝም። "እሷ ጋ የገባ ባዶ እጁን አይወጣም" እያሉ ያሾፉብኛል።

የገባችው ሴት ፊቷን ድፍን አድርጋ ተቀብታለች።

"እህት፣ ሜካፕ በደንብ የሚያነሳ የፊት ማጽጃ ፈልጌ ነበር። የኔው አልለቅ ብሎኛል።"

"ምን አስጨነቀሽ የኔ ቆንጆ! ውሃ የማይበግረው ሜካፕ ከሆነ የምትቀቢው፣ መጀመሪያ ዘይትነት ባለው ታነሺዋለሽ፣ ከዚያ በአረፋው ትታጠቢያለሽ። በአረፋ ብቻ ብትፈትጊ ቆዳሽን እንጂ ሜካፑን አታነሺውም።"

ሳቀች። "እውነቷን ነው ለካ።"

"ማን?"

"የላከችኝ ልጅ። ትንሽዬ ነች፣ ድምጿ ቀጠን ያለ። በእጇ ጀርባ ላይ ሞክራ ታሳይሻለች አለችኝ።"

ከደንበኞቼ አንዷ ትሆናለች ብዬ አለፍኩት። እውነትም አሠራሬ እንደዚያ ነው። በግራ እጄ ጀርባ ላይ ሊፒስቲክ አሰምራለሁ፣ ከጎኑ ኩል። ከዚያ ማጽጃውን ጥጥ ላይ ጠብ አድርጌ አንዴ እጠርጋለሁ። ያየ ይገዛል።

ጠረግኩ። ቀዩም ጥቁሩም ለቀቀ።

ጥጡ ላይ ግን... ሌላም ቀለም ነበር።

ጠይም ፋውንዴሽን፣ የፊት መቀቢያ።

እኔ ፋውንዴሽን አልቀባሁም። ሌላ ጥጥ አነሳሁ። አሁንም መጣ። ሦስተኛ... አራተኛ...

"ኧረ ስንት ደርብ ነው የቀባሽው?" ብላ ቀለደች።

እኔ ቀልቤ ተገፏል። ቀለሙን አውቀዋለሁ። የትም ሱቅ አይሸጥም። ከቁጥር አራት ሁለት ጠብታ፣ ከቁጥር ስድስት አንድ ጠብታ... ራሴ ነኝ የምቀላቅለው። ለአንድ ሰው ብቻ።

ለታናሽ እህቴ።

ከሞተች ስምንት ወሯ ነው።

ድንቢጥ ነበር የምንላት፣ ትንሽዬ ስለሆነችና ድምጿም ስለሚቀጥን። ካገባች በኋላ በየሰኞው ሱቅ ትመጣ ጀመር። የመጀመሪያው ቀን መነጽሯን ስታወልቅ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

"የቁምሳጥን በር መቶኝ ነው እታለም።"

አላመንኳትም። እግዜር ያያል፣ አንዲት ደቂቃ አላመንኳትም። ግን ቀባኋት። ደህና አድርጌ ነው የቀባኋት። በእጄ ሥራም ኮራሁ... ይህን ስጽፍ አፍሬ ነው።

"ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ በሞቴ።"

አልነገርኩም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ውሸት ነው። ይነቅዛል።

የመጨረሻው ሰኞ ቀብቻት ስጨርስ እጄን ያዘችኝ። አልለቅ አለች። ውጭ ባሏ የመኪናውን ክላክስ ሁለቴ አስጮኸ። ጢጥ... ጢጥ።

"ሂጂ፣ እንዳይቆጣ" አልኳት። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከእጄ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ሐሙስ ከደረጃ ወድቃ ሞተች ተባለ። እማዬ እያለቀሰች፣ "እሱ ምን ያድርግ፣ ልጄ ላይ አንድ ቀን ጭረት አይቼባት አላውቅም" እያለች ስትከራከርለት ሰማሁ። አጠገቧ ተቀምጬ ዝም አልኩ።

አምስተኛው ጥጥ ንጹህ ወጣ።

እጄ ጀርባ ላይ ግን አራት የበለዙ መስመሮች ተሰልፈው ነበር። የጣት ምልክት ናቸው። የባሏ ጣቶች ናቸው ብዬ አሰብኩ።

ሴትየዋ አላየችውም። ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"እህት... ይሄንንስ የሚሸፍን አለሽ?" በጣቷ ጫፍ ዓይኗ ሥር ጠረግ አደረገችው።

ጠቁሯል።

"ምን... ምን ሆነሽ ነው?"

"የቁምሳጥን በር መቶኝ።"

ውጭ ክላክስ ጮኸ። ጢጥ... ጢጥ።

በመስታወቱ በር አየሁት። እሱ ነው፣ የድንቢጥ ባል። ያው መኪና። ፊቱን ወደ ሱቁ አላዞረም።

"እጮኛዬ ነው፤ መጠበቅ አይወድም" አለች እየተጣደፈች።

ንገሪያት! አልኩ ለራሴ። ያ ሁሉ ወሬ የማያልቅበት አፌ ተሳሰረ። ማጽጃውን ጠቀለልኩላት። አይ እኔ... መሸፈኛውንም አብሬ ሰጠኋት።

"የማጽጃው ትልቁ ጠርሙስ ሲመጣ ደውይልኝ" ብላ ስልክ ቁጥሯን ጽፋልኝ ወጣች።

ቤት ስገባ ገና አልጨለመም። እማዬ የድንቢጥን ፎቶ መስታወት በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። በየቀኑ የምታደርገው ነው። ድንቢጥን ለዚያ ፎቶ የቀባኋትም እኔ ነበርኩ።

"ምን ጉድ ነው ይሄ?"

ጨርቁን ዘረጋችልኝ። ጠይም ቀለም ጠጥቷል።

ቀና ብዬ ፎቶውን አየሁ። መስታወቱ እንደታሸገ ነው። ከሥሩ ግን... የድንቢጥ ዓይን ሥር ጠቁሯል።

እማዬ ከፎቶው ላይ ዓይኗን ሳትነቅል፣ በሹክሹክታ፣ "ማነው የሸፈነብኝ?" አለች።



"እኔ ነኝ እማዬ።"

ሁሉንም ነገርኳት። ሰኞዎቹን፣ ቁምሳጥኑን፣ የዛሬዋን ሴት። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፎቶውን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ "ደውይላት" አለች። "አሁኑኑ!"

ደወልኩ። ሴትየዋ አነሳች። ከጀርባዋ የቧንቧ ውሃ ሲፈስ ይሰማል። ማን እንደሆንኩ፣ እህቴ የማን ሚስት እንደነበረች ሳልተነፍስ ዘረገፍኩት። "ዛሬውኑ ውጪለት፣ መሄጃ ከሌለሽ እኛ ጋ ነይ" አልኳት።



ውሃው ቆመ...

"አውቃለሁ" አለች በሹክሹክታ። "ነግራኛለች።"

"ማን?"

"የላከችኝ ልጅ። አሁን መስታወቱ ፊት ቆመን ፊቴን እየጠረገችልኝ ነው... አንድ ነገር ጠይቂልኝ ትላለች።"

"ም... ምን?"

"'እታለም፣ ለእኔስ ለምን አልደወልሽም?'"

ስልኩ ተቋረጠ።

ሴትየዋ በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ወላጆቿ ቤት ገብታለች። "ደህና ነኝ" የሚል መልእክት ላከችልኝ። ተመስገን። ስለ ልጅቷ ስጠይቃት ግን እስከ ዛሬ አልመለሰችልኝም።

የእጄ ምልክት አልለቀቀም። በዘይቱም ሞከርኩ፣ በአረፋውም።

ትላንት እማዬ እጄን ተቀብላ ብርሃን ወዳለበት ወሰደችው። አራቱን መስመሮች በገዛ ጣቶቿ ለካቻቸው።

"ይሄ የወንድ እጅ አይደለም" አለች።

እውነቷን ነው። ትንሽዬ ነው።

ዛሬ ሰኞ ነው። ጠዋት ሱቁን ስከፍት አራት ነበሩ።

አሁን አምስተኛው ጣት እየወጣ ነው...