አርባ አንደኛዋ ደቂቃ

ጀሚ የሞተው ዓርብ ቀን፣ ሰው ሁሉ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ በሄደበት ሰዓት ነበር። ጉለይል በሚባለው የስደተኞች ሠፈር ከሚኖርበት አሮጌ ሕንፃ ጣራ ላይ፣ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ወዳለው ጠባብ ክፍተት ወድቆ፣ ከመስጊድ የተመለሱ ሰዎች ትንፋሹ ወጥቶ አገኙት። ሹርጣ፣ የአገሩ ፖሊስ፣ መጣ። የሕንፃው ጠባቂ «ዲሽ ሊያስተካክል ወጥቶ ነው» አለ። እንዳለው ተጻፈ፤ ኸላስ፣ በዚያው ተዘጋ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሰው ሞት ብዙ ወረቀት አይፈጅም።

በአራተኛው ቀን የጀሚ የአክስት ልጅ ከማል መኪናውን አስነስቶ መካ፣ ኩዳይ ድረስ ሄደ። እዚያ የሑጃጅ አውቶቡሶች በሚያድሩበት ግቢ በር ላይ ሃምሳ አለቃ አብዱልወሃብ ተቀምጠው አገኛቸው። ዛሬ ጥበቃ ይሁኑ እንጂ ኮምቦልቻ ፖሊስ ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መርማሪ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ጀሚን ገድለውታል» አለ ከማል፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ።

«ማን?»

«ባዬ። አብሮት የሚኖረው የቆቦ ልጅ። ሐሙስ ተጣልተዋል። ዓርብ እኛ ለጁምዓ ስንወጣ እሱ ክርስቲያን ስለሆነ ቤት ቀረ። ዘመዶቻችን ሊበቀሉት ዛሬ ነገ እያሉ ነው። እርስዎ ይዩት ብዬ ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ።»

ሃምሳ አለቃ ተነሥተው ጫማቸውን አጠለቁ።

በመንገድ ላይ ስለ ሟቹ ሥራ ጠየቁ። ጀሚ ዲስክ ገልባጭ ነበር። በየዐረቡ ቤት የሚሠሩ ልጆች ከአገር ቤት የሠርግና የሰደቃ ዲቪዲ ይላክላቸዋል፤ ማያ ግን የላቸውም። ቴሌቪዥኑ የማዳም ነው፣ ሳሎኑም የማዳም ነው። ጀሚ ዲስኩን በኮምፒውተሩ ወደ ፋይል ይቀይርና መዳፍ በምታህል ኤምፒ ፎር ላይ ይጭንላቸዋል። ልጆቹ ሥራ ሲያልቅ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው እናታቸውን ያዩባታል።

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አየኸው?» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ። ያለቁትን ኤምፒ ፎሮች ለየቤቱ የማደርሰው እኔ ነኝ፤ እነሱን ልወስድ ገባሁ። ‹ያላ፣ ለጁምዓ እንሂድ› ስለው ‹የማነጋግረው ሰው አለ፣ ቅደም፣ እደርስብሃለሁ› አለኝ።»

«የእነማንን ወሰድክ?»

«የሦስት ልጆች። አንዷ በመካ መንገድ ላይ፣ ባሕራ የምትሠራው ነኢማ ናት።»

«መስጊድስ?»

«መኪና ማቆሚያ ስፈልግ ዘገየሁ። ውስጡ ሞልቶ አስፋልት ላይ ሰገድኩ። ከእኔ በኋላ የደረሰው አንዋር ብቻ ነው። እሱም ከእነ ጀሚ ጋር ነው የሚኖረው።»

ጉለይል ሲደርሱ ሃምሳ አለቃ ክፍሉን አልፈው መጀመሪያ ጣራው ላይ ወጡ። ዲሹ በመንገዱ በኩል ነው። ሽቦው ከተቆረጠ ዘመን ሆኖታል፤ ሳህኑ ውስጥ ርግብ ጫጩት ፈልፍላለች። ጀሚ የወደቀው ግን በተቃራኒው ጥግ፣ ግንቡ ከጉልበት በማያልፍበት ቦታ ነበር። ወርደው የመናዊውን ጠባቂ በዐረብኛ ጠየቁት።

«የዲሹን ነገር ማን ነገረህ?»

«ከራሳቸው ሰዎች አንዱ። ቀጭኑ።»

ባዬ ቀጭን አልነበረም። ትከሻው የስሚንቶ ከረጢት ያደነደነው፣ በር ከፍቶ ሲቆም ብርሃን የሚከልል ሰው ነው። ሃምሳ አለቃን ሲያይ ለመሮጥም ለመቀመጥም እንዳልወሰነ ሆኖ ቆመ።

«ሐሙስ ለምን ተጣላችሁ?»

«በድምፅ ነው፣ ጋሼ። ከሥራ ገብቼ ጋደም ስል አንዲትን ነገር እየመለሰ ያሰማል። የሠርግ ጭፈራ ነው፤ ጭፈራው ቆም ይልና አንድ ሽማግሌ ዱዓ ያደርጋሉ። ይቆርጠዋል፣ ይመልሰዋል፣ እንደገና። ሃያ ጊዜ ይሆናል። ወይ ጨርሰው ወይ ዝጋው አልኩት። ተሳደብኩም።»

«ምን መለሰ?»

«ምንም። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። በስድቤ ያለቀሰ መስሎኝ ይበልጥ ተናደድኩ።»

«ዓርብስ?»

«ተኝቼ ነበር። በሩ ሲዘጋ ሰምቻለሁ። ከማን ጋር እንደወጣ አላየሁም። አየሁ ብል ይበጀኝ ነበር፤ ግን አላየሁም።»

ሃምሳ አለቃ ትንሽ ተመለከቱትና ወደ አንዋር ዞሩ። አንዋር የሐርቡ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ጨዋ። ሚስቱ ሸምሲያ በሰው ቤት ትሠራለች። ልጃቸውን ሚስራን ሐርቡ፣ ከሸምሲያ አባት ዘንድ ትተዋት ነው የመጡት።

«ጀሚ ወንድሜ ነበር» አለ አንዋር።

«እሱ ጋ የምታሠራው ነገር ነበረህ?»

«የሸምሲያ ወንድም አግብቶ የሠርጉ ዲስክ መጥቶ ነበር። ነኢማ ከዑምራ መንገደኛ ተቀብላ ለጀሚ ሰጠችው። እኔም እንዲጭንበት የሸምሲያን ኤምፒ ፎር ሰጠሁት። አልሆነም። ረቡዕ ዕለት ‹ከአገር ቤት ተቧጭሮ ነው የመጣው፣ አንድም ቦታ አይነበብም› ብሎ ዲስኩንም ኤምፒ ፎሩንም መለሰልኝ።»

ከፍራሹ ሥር ዲስኩን አወጣ። ከመሃሉ እስከ ጠርዙ በስለት የተሰመሩ የሚመስሉ ሁለት ጥልቅ ጭረቶች ተሻግረውበታል። ሃምሳ አለቃ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት።

መኪናው ውስጥ ለከማል አሳዩት። «እንዲህ የሆነ ዲስክ ይገለበጣል?»

«በጭራሽ። ማሽኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንበብ አለበት። ይህን ገና ሲጀምር ይተፋዋል።»

«እንግዲያው ወደ ባሕራ ንዳ።»

ነኢማ የምትሠራበት ቤት ከጎማ ጠጋኞቹ ሠፈር ጀርባ ነው። ቆሻሻ ልትጥል መስላ ወጣች። የጀሚን ስም ስትሰማ ኤምፒ ፎሯን ከካልሲ ውስጥ አውጥታ ሰጠቻቸው።

የሸምሲያ ወንድም ሠርግ እዚያ ነበር። ሙሽራው፣ ድንኳኑ፣ ጭፈራው፣ አንድም ቦታ ሳይቆረጥ። ሃምሳ አለቃ መኪናው ውስጥ ሆነው ተከታተሉት። አርባ አንደኛዋ ደቂቃ ላይ ጭፈራው ቆመ፤ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ሃምሳ አለቃ ሰሙና ኤምፒ ፎሯን አጠፉ።

«ይህን ታውቂ ነበር?»

«ሁላችንም እናውቃለን፣ ጋሼ። ከእሷ በቀር» አለች ነኢማ። ቀጥላም አንድ ሌላ ነገር በጆሯቸው ነገረቻቸው። ከሽማግሌው ዱዓ የባሰ ነገር ነበር።

«ሸምሲያ አሁን የት ናት?»

«መካ። ማዳሟ ለዑምራ ይዛት ሄዳ ኩዳይ ሆቴል አርፈዋል። ማዳም ከፈጅር ሶላት በኋላ ትተኛለች፤ ያን ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ታገኛለች።»

ሃምሳ አለቃ ሁለት ቀን ብቻቸውን አሰቡ። ዝም ቢሉ የጀሚ ዘመዶች ባዬን ይገድሉታል። ገዳዩን ቢናገሩ ደግሞ ምክንያቱን መደበቅ አይቻልም። በፖሊስነት ዘመናቸው ስንት ቤት መርዶ አድርሰዋል፤ አንዱንም አልለመዱትም።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ከማል ባዬንና አንዋርን፣ ክርስቲያን መካ እንዳይገባ የሚያግደውን ኬላ ሽሽት፣ በአሮጌው መንገድ ይዞ መጣ፤ ነኢማንም ከባሕራ አሳፈራት። ሁሉም በጥበቃ ቤቱ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ሸምሲያ ጥቁር ዐባያዋን ለብሳ በሩ ላይ ስትደርስ፣ ሰዎቹን በዚያ ሰዓት ተሰብስበው ስታያቸው እዚያው ቆመች።

«ማን ሞተ?»

«ግቢ፣ ልጄ። ስለ ጀሚ ነው የጠራኋችሁ» አሉ ሃምሳ አለቃ። ገብታ ነኢማ አጠገብ ተቀመጠች። አንዋር ቀና ብሎ አላያትም።

ሃምሳ አለቃ ጀመሩ። «ጀሚ ለዲሽ አልወጣም። ዲሹ ከሞተ ቆይቷል፤ የወደቀውም በሌላው ጥግ ነው። ለጠባቂው የዲሹን ወሬ የነገረው ቀጭን ሰው ነው። ባዬን እዩት።»

ከማል ባዬን አየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ዓይኑን ወደ አንዋር አዞረ።

«አንዋር ዲስኩ ተቧጭሮ መጣ፣ ረቡዕ ተመለሰልኝ አለ። ባዬ ግን ሐሙስ ዕለት የዚያኑ ሠርግ ድምፅ ሲሰማ ነበር። ባዬ ተጠርጣሪ ነውና ቃሉን እንተወው። የነኢማ ኤምፒ ፎር ግን ተጠርጣሪ አይደለም። ሠርጉ ሙሉውን አለበት። ከማል በኮምፒውተር አየው፤ የተጫነው ዓርብ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ነው። የተቧጨረ ዲስክ ሙሉ ፋይል አይወጣውም። ስለዚህ ዲስኩ ዓርብ ረፋድ ደኅና ነበር፤ የተቧጨረው ከዚያ ወዲህ ነው። አንዋር ዲስኩን አበላሸ፣ የሸምሲያን ኤምፒ ፎርም ባዶ አደረገ። ነኢማ ለራሷ ሌላ ግልባጭ ማዘዟን፣ ከማልም ስድስት ሰዓት ላይ ይዞት መውጣቱን አላወቀም። ጀሚ ‹የማነጋግረው ሰው አለ› ብሎ የቀረው እሱን ጠብቆ ነው። መስጊድም ከሁሉ ኋላ የደረሰው እሱ ነው።»

«ለምን?» አለች ሸምሲያ። «ለወንድሜ ሠርግ ሰው ይሞታል?»

አንዋር በጉልበቱ ተንፏቆ የሃምሳ አለቃን እግር ያዘ። «ገደልኩት፣ ጋሼ። ገፋሁት። ሰይፍም ቢሆን እቀበላለሁ። በአላህ ይሁንብዎ፣ እዚህ ላይ ያቁሙ።»

«ዲስኩ ውስጥ ምን ነበር?» አለች ሸምሲያ። የጠየቀችው ባሏን አልነበረም።

ሃምሳ አለቃ ምንጣፉ ላይ ወርደው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«አባትሽ ዱዓ ሲያደርጉ አሉበት፣ ልጄ። ‹የዚህን ቤት ልጅ፣ ሚስራን፣ አላህ ጀነት ያርጋት› ይላሉ። በወባ ነው። ሦስት ቀን ታማ። ከሞተች ዓመት ከሁለት ወር ሆናት።»

ሸምሲያ አልጮኸችም። ራሷን ነቀነቀች፣ ሒሳብ የተሳሳተ ልጅ እንደምታርም ሴት። «አይደለም። ባለፈው ዓርብ አናግሬያታለሁ። ድምፅሽ ጎረነነ ስላት ጥርሴ ወልቆ ነው አለችኝ።»

ሸምሲያ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው አየች።

«ማን ናት ያናገረችኝ?»

«የእኅቴ ልጅ» አለ አንዋር ፊቱን ምንጣፉ ላይ እንደደፋ። «አንድ ሳምንት ብቻ ብዬ ነበር። ስትስቂ ሰማሁሽ። ከዚያ መቼ ልንገርሽ? ጀሚን ‹ዱዓውን ቁረጠው› ብለው እንቢ አለኝ። ‹እናት ናት፤ አንተ ካልነገርካት ዛሬ እኔ እነግራታለሁ› አለ። ባዬ እንዳይሰማን ጣራው ላይ ወጣን። ኤምፒ ፎሩን ልቀማው ታገልኩት…»

«ዲስኩን ሆን ብዬ ነው የሰጠሁት» አለች ነኢማ እያለቀሰች። «ከሚስራ ጋር አወራሁ ስትለኝ ደነገጥኩ። በአፌ ልነግራት ግን አልቻልኩም። በዓይኗ ትየው ብዬ ነው። እኔ ብነግራት ኖሮ ጀሚ አይሞትም ነበር።»

ባዬ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። እሱም ያውቅ ነበር። ከማልም ያውቅ ነበር።

አንዋር ማንም ሳይዘው ተነሣ። ሃምሳ አለቃ «ሹርጣ ቤት አብሬህ እገባለሁ፤ ቃልህን አስተረጉምልሃለሁ» አሉት። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ ሚስቱን ጠበቀ። ሸምሲያ ግን የምትመለከተው ከማልን ነበር።

«ጀሚ እናት አለችው?»

«አለችው።»

«ሰማች?»

ከማል አንገቱን ደፋ። «ሪያድ ለሥራ ሄዷል፣ ስልክ አይሠራም ብያታለሁ። ደካማ ናት። ትንሽ ቆይተን…»

«ዛሬ ንገራት» አለች ሸምሲያ።

ዐባያዋን ሰበሰበችና ወጣች። ማዳም ልትነሣ ነው፤ ቁርስ አልቀረበም። ነኢማ ልትከተላት ብትነሣ በእጇ ከለከለቻት፤ በአውቶቡሶቹ መካከል ብቻዋን ወደ ሆቴሉ ሄደች። ከማል ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ለረጅም ጊዜ አየው። ሃምሳ አለቃም ሌሎቹም ቁጥሩን እስኪመታ ድረስ ቆመው ጠበቁት።