ነጎድጓድ የተጠራች ቀን

«ነጎድጓድ ማን ነው? ይነሣ!»

የሞጣ ትምህርት ቤት አዳራሽ ጸጥ አለ። ዝንብ ብታስነጥስ ይሰማ ነበር። የቢቸናና የሞጣ ተማሪዎች፣ ወላጆች፣ ቄሶች፣ ሼሆችና ነጋዴዎች፣ በአጭሩ በመስኮት የተንጠለጠሉትን ሳይጨምር የዓለም ሕዝብ እኩሌታ፣ አንገቱን አስግጎ ግራ ቀኝ አየ።

ነጎድጓድ ከቢቸና ተማሪዎች መካከል ተቀምጣለች። እውነተኛ ስሟ ባንቺዓለም ነው።

«ተነሽ እንጂ!» አለች ጓደኛዋ ሙሉዬ፣ በክርኗ ጎኗን ወግታ። «ከቢቸና ጀምሮ ‹ወንበሩ የኔ ነው፣ መቀመጡ ብቻ ነው የቀረኝ› ስትይ አልነበር? ምነው አሁን እግርሽ ጠፋብሽ?»

«ዝም በይ! ሰው ይጓጓ ብዬ ነው።»

ውሸቷን ነው። አባቷን አይታ ነው። አቶ ባዘዘው በሩ አጠገብ ዱላውን ጨብጦ ቆሟል። የግራዝማች ደምለው ዘበኛ ነው። ግራዝማች ራሳቸው ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ከቢቸና በላንድሮቨር ባስጫኑት ባለመደገፊያ ወንበር ተንሰራፍተዋል። መሬታቸውን ከዳር እስከ ዳር ለማየት አሞራ እንኳ ስንቅ ይዞ ይነሣል ይባላል። እንደሚመጡ ማን ያውቃል? ባንቺዓለም ብታውቅ ኖሮ ግጥሙን ስለ ዝናብ ትጽፈው ነበር።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጡት የእንግሊዝኛ አስተማሪያቸው ሚስተር ፓሪ ናቸው። እሳቸውን «እንግሊዙ» ያለ ተማሪ ወየውለት! «እንግሊዝ አይደለሁም! የዌልስ ሰው ነኝ!» ሲሉ ጩኸታቸው አባይን ተሻግሮ ወሎ ይሰማል። ዌልስ ከእንግሊዝ ጎን ያለች፣ የራሷ ቋንቋ ያላት ተራራማ አገር ናት። ዝናቧ እንደ ጮቄ፣ ግጥም ወዳድነቷ እንደ ጎጃም። አንድ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1918ን ዓመት አወሩላቸው፤ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ።

«በዚያ ዓመት የመንደራችን የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ተዘጋ» አሉ። «ባለቤቱ ደመወዝ ልቀንስ፣ ሰዓት ልጨምር አለ። አባቶቻችን እምቢ ሲሉ በሩን ቆለፈባቸው። ለወራት! እኛ ልጆች ጸሎት ቤቱ ውስጥ ተሰልፈን ከአንድ ትልቅ ድስት ሾርባ እንጠጣ ነበር። አባቶቻችን ግን መዘመርና ግጥም መጻፍ አልተዉም። በየዓመቱ የግጥም ውድድር አለን፤ አይስቴድቮድ እንለዋለን። ገጣሚው በድብቅ ስም ይጽፋል፤ ያሸነፈው ስም ሲጠራ ይነሣል። ሽልማቱ ወንበር ነው። በመንደራችን ደንብ ገጣሚው ሲቀመጥ ሰው ሁሉ ይቆማል። እሱ ካልተቀመጠ ወንበሩ ባዶውን ይቀራል። በዚያ ዓመት የተጠራው አባቴ ነበር። የተዋሰው ጫማ ጠብቦት እያነከሰ ወጣና ተቀመጠ። የጉድጓዱ ባለቤት ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።»

«ከዚያስ?» አለች ሙሉዬ።

«ከዚያማ በማግሥቱ ያው ሾርባ!» ብለው ሳቁ። «ያቺ ቀን ግን ለእኔ እስከ ዛሬ አላለቀችም።»

ከዚያ ወሬ በኋላ ነበር የቢቸናና የሞጣ ተማሪዎች በግጥም ለወንበር እንዲወዳደሩ የተወሰነው።

«ነጎድጓድ!» አሉ ሚስተር ፓሪ እንደገና።

ባንቺዓለም ተነሣች።

«ነጎድጓድ ያሉን ይቺን ነው?» አለ አንድ የሞጣ ልጅ። «ካፊያ ናት!»

«ጃንጥላህን ያዝ!» አለችውና ወደ መድረኩ ወጣች።

ዳኛው የደብረ ወርቁ መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው። የግጥሟን መጨረሻ በዜማ ድምፃቸው አነበቡት፦

«በር እንኳ ሲመሽበት ተዘግቶ ያርፋል፤
የሚከፍተው ሰው ግን ቆሞ ያንቀላፋል።»

አዳራሹ አጉረመረመ። አባቷ አቀረቀረ።

ሚስተር ፓሪ በአገራቸው ሥርዓት የእንጨት ሰይፍ ከፍ አድርገው «ሰላም ነው ወይ?» ብለው ጮኹ። ሕዝቡ «ሰላም!» እንዲል ተነግሮት ነበር። ግን ማን ያስታውሳል? «እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ ግማሹ። «አልሐምዱሊላህ!» አለ ሌላው። አንዲት እናት ከኋላ «እርስዎስ ደኅና ነዎት? ልጆችዎ ደኅና ናቸው?» ሲሉ ተሰሙ። ሚስተር ፓሪ ሰይፉን እንደያዙ «ደኅና ናቸው» አሉ።

ከዋንዛ የተሠራው ወንበር መካከል ላይ ተቀመጠ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀድመው ተነሡ። ሌላው ሰው ሊከተላቸው ሲል ግራዝማች ጭራቸውን አወዛወዙ።

«ጎሽ የኔ ልጅ! በርቺ። በይ አሁን ወንበሩን ወዲህ አምጪው። ልጅ በታላላቆቹ ፊት አይቀመጥም።»

ብዙ ራስ በስምምነት ተነቀነቀ። ባንቺዓለምም ያደገችው በዚሁ ነው፤ ሽማግሌ ቆሞ እሷ የተቀመጠችበት ቀን የለም። አባቷ ወደ መድረኩ ጠርዝ ተጠጋ።

«ልጄ፣ እጅ ንሺና ስጫቸው» አለ በሹክሹክታ። «ነገ እበራቸው ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ቁም ካሉኝ ነው እንግዲህ።»

«ሚስተር ፓሪ፣ ደንቡ ምን ይላል?» አሉ መሪጌታ።

«የምትቀመጠው እሷ ናት። ካልተቀመጠች ማንም አይቀመጥበትም።»

መስጠቱ ቀላል ነበር። ግራዝማች ይደሰታሉ፤ ሰው «ጨዋ ልጅ» ይላል፤ አባቷም ነገ እንደ ልማዱ እበሩ ላይ ይቆማል። ባንቺዓለም የአባቷን እግሮች አየች። ስትወለድ ቆመው ነበር፤ ፊደል ስትቆጥርም ቆመው ነበር። አሁን ያነበቡላትን ግጥም ጽፋ ወንበሩን ለግራዝማች ተሸክማ ብትሄድ፣ ግጥሙን የጻፈው ማን ሊባል ነው?

ለመሪጌታ እስከ ጉልበቷ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። ለሽማግሌዎቹም ነሣች። ለግራዝማች ከሁሉም ዝቅ ብላ ነሣች። ከዚያ ቀሚሷን ሰበሰበችና ተቀመጠች።

አዳራሹ ሙሉ ቆመ። ግራዝማች ወደ ኋላ ዞሩ፤ የሰው ወገብ እንጂ ፊት አልታያቸውም። ትንሽ ቆይተው ጉልበታቸውን የሚያሹ መስለው ተነሡ።

ከመድረኩ ጠርዝ ጧ የሚል የተረከዝ ድምፅ ተሰማ። አባቷ፣ የግራዝማች መኪና ሲገባ እንደሚያደርገው፣ እግሩን ገጥሞ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፊቱ ግን ወደ ግራዝማች አልነበረም።

ባንቺዓለም ጀርባዋን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር አስጠጋች።