አላርሙን ያጠፋው ቃል

ጋሽ መልከጼዴቅ ዴንቨር ከተማ፣ ሞንትቤሎ ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ ከቤዝመንቱ ደረጃ ግርጌ ሞተው ሲገኙ፣ ከደረጃው አናት ግድግዳው ላይ የተገጠመው የአላርም ሳጥን አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ቤቱ ደኅና መሆኑን ይመሰክር ነበር። የከተማው ፖሊስ መርማሪ ፀዳል ከታች ሆና ሽቅብ አየችውና ከንፈሯን አጣመመች። በሥራዋ ብዙ ውሸታም ገጥሟታል፤ እንዲህ ዓይኑን በጨው ታጥቦ የሚዋሽ ግን ጥቂት ነው።

ሳጥኑ በሰፈሩ ስሙ የተበላሸ ነበር። ድመት ስታልፍ ይጮኻል። ነፋስ የጓሮውን በር ሲነካው ይጮኻል። ሽማግሌው የኮሪደሩን መብራት አበራለሁ ብለው አጠገቡ ያለውን የአደጋ ቁልፍ ሲጫኑትማ ጎረቤቱን ሁሉ ከአልጋው ያወርዳል። በጮኸ ቁጥር ሌላ ስቴት የተቀመጠች የኩባንያው ሠራተኛ በሳጥኑ ድምፅ ማጉያ ትመጣና የይለፍ ቃሉን ትጠይቃለች፤ ቃሉን ከሰማች መልካም ቀን ተመኝታ ትዘጋዋለች፣ ካልሰማች ፖሊስ ትልካለች። ጮኾበት የማያውቅ ነገር ቢኖር ሌባ ብቻ ነው።

ሞቱን አደጋ ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የሟቹ የሸሚዝ እጅጌ ከትከሻው ተቀዷል። ብቻውን የሚወድቅ ሰው እጅጌውን የሚጎትትለት የለም።

ወንጀለኛዋም ሬሳው ሳይነሣ ተገኝታለች። ኩባንያው፣ ጠዋት አላርሙ ጮኾ እንደነበረና ትክክለኛው የይለፍ ቃል ስለተሰጠ እንደተዘጋ አስታውቋል። ቃሉን የሚያውቁት ደግሞ ሟቹና አስታማሚያቸው ፈትለወርቅ ብቻ ነበሩ። ቤተሰቡ ከዚህ በላይ ማሰብ አላስፈለገውም። የፀዳል አለቃም በስልክ፣ ሌላ ሰው ካልተገኘ ሴትዮዋን ዛሬውኑ በግድያ ጠርጥረሽ እሰሪያት ብሏታል። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን ከወገቡ ፈትቶ ይዟል።

ፈትለወርቅ ኩሽና ውስጥ የመድኃኒት ከረጢት አቅፋ ተቀምጣለች። ፋርማሲ እንደነበረች፣ በባስ ሄዳ በባስ እንደተመለሰች፣ ያያት ሰው ቢኖርም እንደማያስታውሳት ተናገረች።

«ቃሉን አንቺ ብቻ እንዴት አወቅሽው?» አለች ፀዳል።

የድሮው ቃል ‹ሰላም› ነበር፤ ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ቀን አላርሙ ሲጮኽ ጎረቤቱ አቶ ሀብቱ ሊቆጡ መጥተው፣ «ሰላም ለዚህ ቤት» እያሉ ሲገቡ፣ የኩባንያዋ ሴት አመስግናቸው ዘጋችው። ጋሽ መልከጼዴቅ በዚህ ተናደው ባለፈው ሳምንት ቃሉን አስለወጡ። ለኩባንያው ደውላ ፊደሉን በእንግሊዝኛ ያስቆጠረችው ፈትለወርቅ ናት።

«ምን የሚል ቃል መረጡ?»

«‹አቤት›። ‹እኔ በዚህ ቤት ለማንም አቤት ብዬ አላውቅ፤ አምልጦኝም አይወጣ› አሉኝ።»

ፀዳል ቃሉን በአፏ ውስጥ ጥቂት አገላበጠችው።

አቶ ሀብቱ የአበሻው ኮሚዩኒቲ ሊቀመንበር ናቸው፤ ማይክ ከጨበጡ ማይኩ ነው የሚደክመው። ጠዋት የአላርሙን ጩኸት ሰምተው እንደሆነ ተጠየቁ። መስማትስ ሰምተዋል፤ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመሩበት እንጂ። ይህን ሲናገሩ ቅንጣት አላፈሩም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ዓይናቸው በራ።

«ጋሽ መልከጼዴቅ እሑድ የኮሚዩኒቲው ስብሰባ ላይ ሊነሡ ነበር እኮ። የእህታቸውን ልጅ፣ አዶኒያስን፣ ‹ይሄ ልጅ ዶክተር አይደለም፤ ትምህርቱን አቋርጧል› ብለው ሊያጋልጡ። እኔማ ማይኩን ላቀብል ቃል ገብቼ ነበር።»

የሟቹ ልጅ ሶሲ ዳውንታውን ትኖራለች። አባቷን የምትጠብቀው ስልኳ ላይ ባለው የአላርሙ አፕ ነበር፤ ማለትም አትጠብቅም ነበር። አላርሙ ሲነሣ መልእክት እንደሚደርሳትና ዛሬም እንደደረሳት አልካደችም።

«ኤቭሪ ዴይ ነው የሚመጣው። ሚቲንግ ላይ እያለሁ፣ ላይክ… ሚውት አደረግኩት።»

«አፑ ላይ ካንቺ ሌላ ማን አለ?»

«ኖባዲ። ፋሚሊው ሁሉ በጩኸቱ ኮምፕሌን ሲያደርግ ከአፑ ሪሙቭ አደረግኳቸው። ማንም ኖቲስ አላደረገም።»

ቀጥሎ ዶክተር አዶኒያስ ገባ። ከለቅሶው በፊት ከረባቱን አስተካክሎ፣ በሁለት ቋንቋ ዶክተር የሚል የስም ካርድ ለፀዳል ሰጣት። የምን ዶክተር እንደሆነ ካርዱ አይናገርም። ጠዋት ቻምበርስ ሮድ ቢሮው እንደነበረና የአላርሙ መልእክት ስልኩ ላይ እንደመጣለት ተረከ።

«በአፑ አናገርኳቸው። ‹ጋሼ› ብዬ ስጠራቸው ‹አቤት› አሉኝ። ‹ፎልስ አላርም ነው?› አልኳቸው። ‹አዎ፣ እንደ ልማዱ ነው› አሉ። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ እዚህ ቤት የነበረው ማን እንደሆነ እርስዎም አያጡትም።»

«የይለፍ ቃሉን ያውቃሉ?»

«‹ሰላም› ነዋ።»

ፀዳል በጣም በትሕትና አመሰገነችው። አብረዋት የሠሩ ሰዎች ያንን ትሕትና ይፈሩታል።

ከዚያ ኩባንያው ዘንድ ደውላ ጥሪውን የተቀበለችውን ሠራተኛ አስቀረበች። ሴትዮዋ ነገሩን በደንብ ታስታውሳለች፤ ቃሉን የተናገረው ወንድ፣ ያውም ሽማግሌ ነው። ሌሎች ደንበኞች ቃላቸውን ስለሚረሱ ያበሳጯታል፤ እሱ ግን ደጋግሞ፣ ጮክ ብሎ ነው የነገራት። በመጨረሻ በራሱ ቋንቋ ሌላ ነገር ጨምሯል። ምስጋና መስሏት እሷም መልካም ቀን ብላዋለች።

ፀዳል ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

ቃሉን የሰጡት ጋሽ መልከጼዴቅ ራሳቸው መሆናቸውን ስትነግራቸው ፈትለወርቅ ቀና አለች። አዶኒያስ ግን ፈጠን ብሎ፣ ይሄማ የእሱን ቃል የሚያጸና እንጂ ሴትዮዋን የሚያድናት እንዳልሆነ አስረዳ፤ አጎቱ ያን ጊዜ ደኅና ከነበሩ የተገፉት ከዚያ በኋላ ነው፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ አብራቸው የነበረችው አስታማሚያቸው ናት። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ወደ ፈትለወርቅ አንድ እርምጃ ተጠጋ።

«አንድ ጊዜ» አለች ፀዳል። «ስም ልጥራ። ጋሽ ሀብቱ?»

«ወይ።»

«ሶሲ?»

«ያ?»

«ፈትለወርቅ?»

«አቤት።»

«ዶክተር አዶኒያስ?»

«አቤት።»

«እርስዎ ለምን አቤት አሉኝ?»

«ምን ልበል ታዲያ? ሰው ሲጠራኝ አቤት እላለሁ። ጋሼ ናቸው ያስለመዱኝ፤ በልጅነቴ ‹ምን› ካልኩ ቁንጥጫ ነበር።»

«እሳቸውስ ሲጠሩ ምን ይሉ ነበር?»

አዶኒያስ እጁን ወደ ከረባቱ ሰደደ። ፈትለወርቅ ቀስ ብላ «ወይ» አለች። አቶ ሀብቱም ያረጀ ቅያሜያቸውን አውጥተው፣ እሳቸው ሊቀመንበር ሆነው እንኳ ሟቹ «ወይ» ነበር የሚሏቸው ሲሉ መሰከሩ።

«አቤት ታናሽ ለታላቁ የሚለው ቃል ነው» አለች ፀዳል። «ጋሽ መልከጼዴቅ በዚህ ቤት ለማንም ብለውት ስለማያውቁ ነው የይለፍ ቃል ያደረጉት። ለሊቀመንበር ያላሉትን ለእህታቸው ልጅ አይሉትም። እርስዎ እዚህ አድገው ቃሉን ‹የስ› ማለት ብቻ አድርገው ነው የያዙት፤ ስለዚህ ውሸትዎን ሲሰፉ አፋቸው ላይ ያልተፈጠረ መልስ አስቀመጡባቸው። ለምን ግን ይሄንኑ ቃል? ቃሉ መለወጡን እንኳ አልሰሙም። ከጆሮዎ አልወጣ ብሎዎት ነው።»

«በአፑ ሰምቼዋለሁ አልኩ እኮ።»

«አፑ ላይ የለህም» አለች ሶሲ። «አንተንም ሪሙቭ አድርጌሃለሁ። ላስት መንዝ።»

ሳሎኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ፊታቸውን ወደ አዶኒያስ አዞሩ። ፀዳል ከዚህ በኋላ እርስዎ ማለቱን ተወችው።

«አበሻ አቤት የሚልበት ሌላም ጊዜ አለ። ሲበደል። እሑድ እንዳይናገሩ ልትለምን መጣህ። እንቢ አሉህ፤ ደረጃው አናት ላይ አንገት ለአንገት ስትያያዙ ወደ ሳጥኑ ተወርውረው የአደጋ ቁልፉን ተጫኑት። እጅጌያቸውን ይዘህ ጎተትካቸው፣ ተቀዶ ከእጅህ አመለጠ፣ እሳቸው ወረዱ። ከታች ሆነው ‹አቤት! አቤት! የሰው ያለህ!› ብለው ሲጮኹ የኩባንያዋ ሴት ከግድግዳው ላይ አመሰገነቻቸውና አላርሙን ዘጋችው። አንተም ቆመህ ሰማህ። የሕክምና መርማሪው ወድቀው ወዲያው እንዳልሞቱ ነግሮኛል። አንድ ስልክ ብትደውል ኖሮ ዛሬ ቢበዛ ዶክተር አለመሆንህ ነበር የሚወራው።»

«ልገፋቸው አልፈለግኩም» አለ አዶኒያስ። «ዝም ቢሉልኝ ኖሮ።»

«ዝም ብለውልሃል» አለች ፀዳል፤ ካቴናው ለፈትለወርቅ ከተዘጋጀበት እጅ ተላልፎ እሱ ላይ ገባ።

አዶኒያስ ሲወጣ ሳሎኑ ትንሽ ተንጫጫ። አቶ ሀብቱ ሴትዮዋን ከመጀመሪያውም እንዳልጠረጠሯት አበክረው ተናገሩ፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። የቴሌቪዥኑን ድምፅ የጨመሩትና ስልኩን ሚውት ያደረገችው ተቃቅፈው ተላቀሱ። ፀዳል የሕግ አንቀጽ ቢኖር እነሱንም በጨመረቻቸው ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለትን ግን የሚከስ ሕግ የለም።

ሶሲ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ፈትለወርቅ መጣች። ለቀስተኛው ከአውሮራም ከመላው ዴንቨርም መምጣቱ ነው፤ ኩሽናው ደግሞ ሰው የለውም። እንግዳውን የምታስተናግድ፣ ሳህን የምታጥብ፣ ይህን ሳምንት ብቻ ብትቆይላቸው ብላ በግማሽ አማርኛ ጠየቀቻት። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ፈትለወርቅ ነፍሰ ገዳይ ነበረች።

የመድኃኒቱን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጃኬቷን ለበሰች።

«ሶሲዬ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። ሳህኑን ግን ራሳችሁ እጠቡት።»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ገለል ብሎ አሳለፋት።