የሼህ አብዱልሐሊም ግድግዳ

ለይላ አባቷን አላስቀብርም ብላ በሩ ላይ ተቀምጣለች።

መርሳ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም። ሙስሊም ሲሞት ቶሎ ነው የሚቀበረው። ከፈኑ ተገዝቷል፣ አጣቢዎቹ ተጠርተዋል፣ ቀባሪው የአረጋውያን መጦሪያውን ግቢ ሞልቶታል። እሷ ግን «ፖሊስና ሐኪም ሳያያቸው ማንም አይነካቸውም» ብላ ደጃፉ ላይ እግሯን ዘርግታለች። አጎቷ ተቆጧት፣ ጎረቤት ለመናት። «አባቷን ለመጦሪያ ሰጥታ አሁን ደግሞ ሬሳቸውን ከለከለች» ብሎ ያማትም አልጠፋም። ወይ ፍንክች!

ምክትል ኢንስፔክተር መሪማ ኡበይደላ ከወልድያ በሚኒባስ መጥታ ግቢውን ስትረግጥ ያገኘችው ይህንኑ ነው። መሪማ ሃያ ሁለት ዓመት በፖሊስነት ኖራለች። ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረዥም ነው። ሰው ሲያለቅስ አብራ አታለቅስም፤ ሰው ሲዋሽ ግን ፊቷ ፈካ ይላል። አለቆቿ ይህን ፈገግታዋን አይወዱትም።

«ያመለከትሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።» ለይላ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም፤ ከነጠላዋ ስር አንድ ወረቀት አውጥታ ሰጠቻት። «አባቴን ገና ሳልቀብር ይህን ፈርሚ አሉኝ። ተይቦ፣ ማኅተም ተመቶበት ነው የጠበቀኝ።»

መሪማ አነበበችው። አባቴ በራሳቸው ፈቃድ ሲጾሙ ሞተዋል፤ ድርጅቱን ምንም ዓይነት ካሳ አልጠይቅም ይላል።

«ለምን አልፈረምሽም?»

«አባቴ ራሳቸውን በጥም ገደሉ ብዬ እኔ ልመስክር? ካሳ እጠይቃለሁ፤ በፍርድ ቤት። ብር ፈልጋ ነው የሚል ካለ ይበል። አባቴን ምን እንዳደረጓቸው ዳኛ ፊት ቆመው ይናገሯታል።»

«በይ እንግዲህ አሳልፊኝ» አለች መሪማ።

ክፍሉ ከዋናው ሕንፃ ጀርባ ለብቻው ያለ ጠባብ ክፍል ነው። የቆርቆሮ ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሙቀቱ አፍንጫ ይይዛል። የመስኮቱ አንዱ መስታወት ተሰብሮ የውጭው ኮረኮንች መንገድ አቧራ ግድግዳውን ሁሉ አልብሶታል። ከአጥሩ ማዶ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለ፤ የመቁረጫው ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል። በሩ ላይ ከውጭ በኩል አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

ሼህ አብዱልሐሊም ግራና ውስጥ አርባ ዓመት ሙሉ ልጆች ቁርኣን ያስቀሩ፣ ማንበብ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እግራቸው ሲከዳቸውና ልጃቸው ለንግድ ደሴ መመላለስ ሲኖርባት ነው እዚህ የገቡት። አሁን አልጋው ላይ በጎናቸው ተኝተዋል፤ ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እጃቸውን ቢዘረጉ ከሚደርሱበት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ እስከ አፉ የሞላ የውሃ ጆግ ተቀምጧል።

መሪማ ጆጉን አየችው። ባትሪዋን አብርታ ጎንበስ አለች። ሌላው ገላቸው ንጹሕ ሆኖ ፊታቸውና ሁለቱ እጆቻቸው እስከ ክርናቸው አቧራ ነክቷቸዋል። ከአልጋው ጎን ባለው ግድግዳ ላይ የመዳፍ ምልክት አለ። ቀኝና ግራ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ሳይደረብ ተደርድሯል። ቆጠረችው። አሥር ጥንድ ነው። ደግማ ቆጥራ ፎቶ አነሳችው።

ሬሳው ለምርመራ ወደ ወልድያ ሲጫን እሷ ሥራ አስኪያጁን ኤርሚያስን ቢሮው ገብታ አነጋገረችው። ኤርሚያስ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩም የተተኮሰ ሰው ነው።

«ሼህ ጾመኛ ነበሩ» አላት። «ዓመቱን ሙሉ ሰኞና ሐሙስ ይጾማሉ፤ ልጃቸውም አትክድም። ዛሬ ሐሙስ ነው። ውሃው አጠገባቸው ነበር፣ አልጠጣም አሉ። እኛ የሰው እምነት እናከብራለን፤ በግድ እናጠጣቸው?»

«ማን ነው ጠጡ ያላቸው?»

«ተንከባካቢያቸው ሉብና። መዝገቡን ይመልከቱት።»

መዝገቡ ላይ «ረቡዕ፦ በልተዋል፣ ጠጥተዋል። ሐሙስ ጠዋት፦ ጾም ላይ ነኝ ብለው ቁርስም ውሃም አልወሰዱም» ተብሎ ከስሩ ሉብና የሚል ፊርማ አለ።

«እርስዎስ የት ነበሩ?»

«ረቡዕ ድርጅቱን የሚረዱ እንግዶች መጥተው ግቢውን ጎበኙ። አምስት ሰዓት ሲሆን አብሬያቸው ወልድያ ሄድኩ፤ እዚያው አድሬ ዛሬ አራት ሰዓት ነው የተመለስኩት። ስድስት ሰዓት ላይ ብገባ ሞተው አገኘኋቸው። ሉብና የለችም፤ ጠፍታለች። ነገሩ ይገባዎታል መቼም።»

«ቀስ እያለ እየገባኝ ነው» አለች መሪማ፤ ፊቷ ፈካ አለ።

ቀጥላ ነርሱን ሄኖክን ጠራችው። ሄኖክ የመድኃኒት ቅጹን አቀበላት። በግቢው አሥራ ሁለት አረጋውያን አሉ፤ የአሥራ አንዱ በየሰዓቱ ምልክት ተደርጎበታል። ሼህ አብዱልሐሊም ማታ ማታ የሚወስዱት የደም ግፊት ክኒን ግን ከማክሰኞ ማታ ወዲህ ባዶ ነው።

«ረቡዕ ጠዋት መድኃኒት ላመጣ ወልድያ ሄጄ ነበር» አለ። «አራት ሰዓት ላይ ተረክቤ ስምንት ሰዓት ገባሁ።»

«ከስምንት ሰዓት በኋላ ለሌሎቹ ሰጥተሃል። ለእሳቸውስ?»

«ረ...ረሳሁ መሰለኝ።»

«አሥራ አንዱን አስታውሰህ አንዱን ብቻ?»

ሄኖክ መሬት መሬቱን አየ። መሪማም አልተጫነችውም፤ የፈራ ሰው ሲጫኑት ይብሱን እንደሚዘጋ ታውቃለች።

በማግስቱ አርብ ጠዋት የሐኪሙ ውጤት መጣ። ሰውነታቸው ፈሳሽ አጥቶ ነው የሞቱት፤ ከአንድ ቀን በላይ ውሃ አላገኙም፤ ሕይወታቸው ያለፈው ሐሙስ ማለዳ ነው። ውጤቱን ይዛ ግራና ወረደች። ሉብና እናቷ ቤት ልብስ ስታጥብ ነበር፤ ፖሊስ ስታይ ደነገጠች እንጂ አልሸሸችም።

«አሰላሙ ዐለይኩም። መዝገቡ ላይ ፈርመሻል?»

«ወዐለይኩም ሰላም። ለመጨረሻ ጊዜ የፈረምኩት እሑድ ነው። ኤርሚያስ ለአረፋ እስከ ቅዳሜ እረፊ ብሎኝ እሑድ ከሰዓት መጣሁ።»

«ፈቃዱን በወረቀት ነው የሰጠሽ?»

«በአፉ ነው እንጂ። ምነው፣ ሼህ ደህና አይደሉም እንዴ?»

መሪማ ነገረቻት። ሉብና እርጥብ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የጀርባው ክፍል?» አለች። «እሱ እኮ ዕቃ ቤት ነው። እኔ ስወጣ ከሌሎቹ ጋር ነበሩ።»

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሼህ ተቀበሩ። ከቀብር መልስ ኤርሚያስ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ለይላ ላከ። መሪማ ጥግ ላይ ተቀምጣ አዳመጠች።

«ያጠፋ ሰው ጥፋቱን ሳይናገር በምንድን ነው የምታስታርቁን?» አለቻቸው ለይላ። «እናንተን አከብራለሁ። ለላካችሁ ግን እምቢ ብላለች በሉልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ወደ መሪማ ዞረች። «ሰኞ ለዒድ ሥጋ ይዤላቸው ሄጄ ነበር። ‹ውሃ በቀን አንዴ ነው የሚሰጡን፤ ረቡዕ እንግዳ ይመጣል ብለዋል፣ ፊት ለፊት ነው የምነግራቸው› አሉኝ። እኔ ነኝ ይተዉት አባ፣ ይታገሱ ያልኳቸው። እሳቸው ያልፈሩትን እኔ ፈራሁ።»

«አሁን አልፈራሽም» አለች መሪማ። «ነገ ሦስት ሰዓት ነይ።»

ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ሁሉም የመጦሪያው ምግብ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰቡ። አሥራ አንዱ አረጋውያን አንዱ በምርኩዝ፣ አንዱ ተደግፎ መጥተው ዙሪያውን ተቀመጡ። ለይላና ሉብና ጎን ለጎን ሆኑ። ሄኖክ በሩን ተደግፎ ቆመ። ኤርሚያስ ከፊት ያለውን ወንበር ይዟል፤ ሁለት ፖሊሶች ከኋላው አሉ።

«አንድ ሰው ሙሉ ጆግ አጠገቡ እያለ በውሃ ጥም ሞተ» ብላ ጀመረች መሪማ። «ምክንያቱ ጾም ነው ተባልኩ። ለይላ፣ አረፋ መቼ ነበር?»

«ሰኞ።»

«ከዒዱ ቀጥለው ያሉት ሦስት ቀናትስ?»

ለይላ ጭንቅላቷን ያዘች። «የተሽሪቅ ቀናት ናቸው። መጾም ክልክል ነው። ያ አላህ፣ እንዴት ሳላስበው ቀረሁ!»

«ሐዘን ላይ ነሽ፤ ማሰብ የእኔ ሥራ ነው። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። አርባ ዓመት ቁርኣን ያስቀሩ ሰው ያን ሐሙስ አይጾሙም። ሉብናም ያን ሐሙስ ጾሙ ብላ አትጽፍም፤ ስሟን ተጠቅሞ የጻፈላት ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ሐሙስ ሐሙስ እንደሚጾሙ ሰምቷል፤ የማይጾመው ሐሙስ የቱ እንደሆነ ግን አልሰማም።»

«ሄኖክም አልሰማም ይሆናል» አለ ኤርሚያስ ፈጠን ብሎ።

«እደርስበታለሁ፤ አይቸኩሉ። ግድግዳው ላይ አሥር ጥንድ የመዳፍ ምልክት አለ። ሙስሊም ውሃ ሲያጣ ለሶላት ተየሙም ያደርጋል። ንጹሕ አቧራ በሁለት እጁ መታ ያደርግና ፊቱን ያብሳል፤ ደግሞ ይመታና እጆቹን እስከ ክርኑ ያብሳል። ለአንድ ሶላት ሁለት ምት ነው፤ እሳቸውም አንዴ የመቱበት ላይ አልደገሙም። ስለዚህ አሥር ጥንድ ማለት አምስት ሶላት ነው። የሞቱት ሐሙስ ማለዳ ስለሆነ የመጨረሻው የሐሙስ ንጋት ሶላት፣ ሱብሒ ነው። ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ዒሻ፣ መግሪብ፣ ዐስር፣ የረቡዕ ቀትር ሶላት ዙህር። ረቡዕ ቀትር ላይ ሼህ አንድ ጠብታ ውሃ አልነበራቸውም።»

አንድ አዛውንት ዝቅ ባለ ድምፅ «ኢና ሊላህ» አሉ።

«ውሃ እያለ ተየሙም አይሆንም። ሕመማቸውም እግራቸው ላይ እንጂ ውሃ የሚያስከለክል አይደለም። እንግዲህ ያ ጆግ የተሞላው ከሞቱ በኋላ ነው። ረቡዕ ጠጥተዋል የሚለውም ውሸት ነው። ከረቡዕ ቀትር በፊት የሆነ ሰው እዚያ ክፍል አስገብቶ ከውጭ ቆልፎባቸዋል። ያን ጠዋት ሉብና ግራና ናት። ሄኖክ አራት ሰዓት ላይ ወልድያ መድኃኒት ተረክቧል፤ ሄጄ ፊርማውን አይቻለሁ። ከሦስታችሁ ሠራተኞች እዚህ የነበረው አንድ ሰው ነው። ሼህ እንግዶቹ ፊት እንዳይናገሩበት የፈራውም እሱ ነው።»

«ይህ ሁሉ ግምት ነው» አለ ኤርሚያስ። «የግድግዳ አቧራ ፍርድ ቤት አይቀርብም።»

«ፎቶው ይቀርባል። ደግሞ የቅጹ ባዶ ቦታ አለ።» መሪማ ወደ በሩ ዞረች። «ሄኖክ፣ አልረሳህም። መድኃኒት ያልሰጠኸው ሰውየው ግቢው ውስጥ የሌሉ መስሎህ ነው። ማን ነው የሉም ያለህ?»

ሄኖክ ኤርሚያስን አየ። ከዚያ ለይላን አየ፤ እሷም ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም። ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«ሥራዬን እንዳላጣ ነው የደበቅኩት» አለና ጮክ ብሎ አነበበው። «‹ሼህን ልጃቸው ለዒድ ወስዳቸዋለች። እስክትመልሳቸው ከመድኃኒቱም ከምግቡም ቀንሳቸው። ኤርሚያስ።› ረቡዕ፣ አምስት ሰዓት ከሩብ።»

«እኔ ወሰድኳቸው?» አለች ለይላ። «እኔ?»

የተተኮሰው ሸሚዝ ላብ በላብ ሆነ። «ለግማሽ ቀን ነበር» አለ ኤርሚያስ። «እንግዶቹ እስኪሄዱ ብቻ። ወልድያ ግብዣ ነበር፣ እደሩ ተባልን፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ቀረ። ከግብዣው በኋላ ሙሉ በሙሉ ከሐሳቤ ወጡ። ልገድላቸው አላሰብኩም።»

«ስለ እሳቸው ምንም አላሰብክም፤ ጥፋትህም እሱ ነው» አለች መሪማ። አንቱታው እዚህ ላይ አበቃ። «ሞተው ስታገኛቸው ግን ብዙ አሰብክ። ጆግ ሞላህ፣ መዝገብ ጻፍክ፣ ወረቀት አስተየብክ።»

ኤርሚያስ ወደ ለይላ ዞረ። «እህቴ፣ በካሳው እዚሁ እንስማማ። የምትይኝን እሰማለሁ።»

«የምልህን ዳኛ ፊት ትሰማለህ» አለችው ለይላ። «አምስት ሶላት በአቧራ ሰገዱ። እያንዳንዱን እዚያ አስቆጥርሃለሁ።»

«ካሳውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አብረሽ መጠየቅ ትችያለሽ» አለቻት መሪማ። «እሱንም፣ የቀጠረውን ድርጅትም።»

ፖሊሶቹ ካቴና አስገብተው ሲያስወጡት አንዳንዱ ሊነሳ ምርኩዙን ፈለገ። ሁሉም ያለቀ መስሎት ነበር። ያን ጊዜ ከወደ መስኮቱ የተቀመጡ፣ ከጉባላፍቶ ደጋ የመጡ እማማ ሙሉ የሚባሉ አሮጊት እጃቸውን አነሱ። በስድስት ወር ውስጥ ድምፃቸውን የሰማ የለም።

«ልጄ» አሉ መሪማን። «የሚጻፈው የሞተ ሰው ብቻ ነው?»

«እንዴት እማማ?»

«እኛም ውሃ በቀን አንዴ ነው የምናገኘው። ጀርባዬ ቆስሎ ገልጦ ያየኝ የለም። እሳቸው ለሁላችንም ሊናገሩ ብለው ነው ይህ የደረሰባቸው። እኔ ገና አልሞትኩም፤ እናገራለሁ። ክሱ ላይ እኔንም ከልጃቸው ጋር ጻፊኝ።»

ከጎናቸው ያሉት አዛውንት እጃቸውን አነሱ። ቀጥሎ ሌላው። ሊነሳ ምርኩዙን የያዘው ሰውዬ ምርኩዙን ወደ ላይ አነሳ። ለይላ ከመቀመጫዋ ተነስታ እማማ ሙሉ እግር ስር ተቀመጠችና ጉልበታቸውን ሳመች። አሁን ገና አለቀሰች።

መሪማ የወልድያ ሚኒባስ እንደሚያመልጣት አወቀች። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ አዲስ ወረቀት ገለጠች።

«ስምዎን እስከ አያትዎ ይንገሩኝ እማማ» አለቻቸው።