የሰባተኛው ረድፍ ክፍት ወንበር

ጸሐፊው ሞቶም ፊቱ ወደ ስክሪኑ ነበር። በሰባተኛው ረድፍ አስራ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ራሱ ከኋላ ተፈንክቷል፤ ከወንበሩ ጀርባ ደም የነካው የፊልም ማስቀመጫ ቆርቆሮ ወድቋል። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ትኬት ሻጯ ሊጠርጉ ሲገቡ አገኙት።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል፤ አንዴ «ለምን?» ካለች መልስ ሳታገኝ አትላቀቅምና። አዛዥዋ ግን ገና የሲኒማ ቤቱ በር ላይ ሳለች ደውሎ ነገሩን ጨረሰው። ፊልም የሚያሳዩትን ኦፕሬተርና ሚስታቸውን ትኬት ሻጯን እስከ ስድስት ሰዓት ይዛ እንድትመጣ፣ አዳራሹንም እንድታሽግ አዘዛት። እሺም እምቢም ሳትል ስልኩን ዘጋች።

ሟቹ በከተማው ሊጎበኙ የሚገባቸውን ሲኒማ ቤቶች እየዞረ ሲመዘግብ ዓመት አልፎታል። ዝርዝሩ በማግስቱ ለከተማው ምክር ቤት ሊቀርብ ነበር፤ ዝርዝሩ ውስጥ የገባ ሲኒማ አይፈርስም፣ ያልገባ አለቀለት። የዚህኛው ሲኒማ ባለቤት ከሞቱ ወዲህ ደግሞ ወራሽ ልጃቸው ቦታው ላይ ፎቅ ለማቆም ቋምጧል።

መርማሪዋ መጀመሪያ ያነጋገረችው እሱን ነው፤ ከበረንዳው ደረጃ በላይ ባለችው ቢሮ።

«ጸሐፊው ይህን ቤት ከዝርዝሩ አውጥቶታል። ሽማግሌው ኦፕሬተር ያንን ሲሰማ አበደ» አላት።

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ጸሐፊው ገብቶ ሲቀመጥ ወንበሩ ሲጢጥ ሲል ሰምቻለሁ። አዳራሹ ባዶ ስለሆነ ጥርት ብሎ ይሰማል። ከዚያ የሽማግሌው እርምጃ ወረደ፤ ከዚያ ዝም።»

«የወንበሮቹን ድምፅ ያውቁታል ማለት ነው።»

«ምን ነካሽ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እኮ ነው ያደግኩት።»

ኦፕሬተሩን ማሽን ክፍላቸው ውስጥ ሌንስ ሲወለውሉ አገኘቻቸው። ስትገባም እጃቸው ሥራውን አላቋረጠም።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፊልም አለኝ» አሏት።

«ሰው እኮ ሞቷል፣ አባቴ።»

«የሞተው ወዳጄ ነው። እሱ ሞተ ብዬ እሱ የወደደውን ቤት አልዘጋም። ቆርቆሮው የኔ ነው፣ ደሙ ግን በእኔ እጅ አልፈሰሰም። ማሰር ካለብሽ ከፊልሙ በኋላ እሰሪኝ፤ አልሸሽም፣ አልለምንሽምም።»

ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አልካዱም። ወንበር አላስጠገንክም ብሎ ስለጮኸባቸው እሳቸውም ጮኸውበታል። ዛሬ ጠዋት ግን በራቸውን ዘግተው ማሽን ሲያጸዱ ምንም አልሰሙም።

ትኬት ሻጯ ደግሞ ቁጭ ይበሉ ቢሏቸው አሻፈረኝ አሉ። እያለቀሱ የፊተኞቹን ረድፎች ይጠርጋሉ። በሁለት እጃቸው መጥረጊያና አፈር ማፈሻ ስለያዙ ታጣፊውን ወንበር በጉልበታቸው ተጭነው ዘርግተው ከላዩ ያለውን ያራግፋሉ፤ ጉልበታቸውን ሲያነሱ ወንበሩ ቋ ብሎ ይታጠፋል። መርማሪዋ ቆማ ብዙ አየቻቸው።

አስከሬኑ ሲነሳ እሷም ወንበሮቹን ሞከረች። ሁሉም ሲዘረጉ ሲጢጥ ይላሉ፤ ሲለቋቸው ይታጠፋሉ። አስራ ሁለተኛው ግን ስፕሪንጉ ስለሞተ እንደተዘረጋ ቀርቷል፤ ድምፅም የለውም። ተቀምጣበት ወዲያው ዘላ ተነሳች፤ የሾለ ሽቦ ወጋት።

በሟቹ ኪስ የተገኘው ማስታወሻ ደብተር መጨረሻው አካባቢ አንድ ገጽ ተቀዷል። ከተቀደደው ቀጥሎ ባለው ገጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ተርፏል፦ «ሰባተኛ ረድፍ አስራ ሁለተኛው ወንበር ላይ ግን አትቀመጡ፤ ይወጋል።»

ልክ ስድስት ሰዓት ላይ አዛዡ ደወለ።

«እስካሁን አላሰርሻቸውም? እምቢ ማለትሽ ነው?»

«አዎ ጌታዬ፣ እምቢ ማለቴ ነው። ገዳዩን እልክልዎታለሁ።»

ሦስቱንም ሰባተኛው ረድፍ ጋ ሰበሰበቻቸው። ሰው የሚያህል አሮጌ መጋረጃ አስጠቅልላ፣ እያንዳንዳቸው ተሸክመው ወንበር ላይ እንዲያስቀምጡት ጠየቀች። ኦፕሬተሩ በጉልበታቸው ተጭነው አስቀመጡት። ሚስታቸውም እያቃሰቱ እንደዚያው አደረጉ። ወራሹ እየሳቀ ታቀፈው። ወንበሩ ታጥፏል፤ በክርኑ ሊዘረጋው ሞከረ፣ ተመለሰበት፤ ደገመ፣ ተመለሰበት። ዓይኑ ክፍቱን ወንበር ፈልጎ አገኘው። አስራ ሁለተኛው ፊት መጋረጃውን እንደታቀፈ ደርቆ ቀረ።

«ጠዋትም እንዲሁ ነው ያደረግከው» አለችው። «ጸሐፊው እዚያ ወንበር ላይ በፈቃዱ አይቀመጥም፤ እንደሚወጋ የጻፈው ራሱ ነው። ስለዚህ ሞቶ ነው የተቀመጠው። ባልና ሚስቱ ቢሆኑ አራት እጅ አላቸው፤ አንዳቸው ብቻም ቢሆኑ ወንበሩን በጉልበት መጫን ያውቃሉ። ክፍት ወንበር የሚፈልገው አዳራሹን የማያውቅ ብቸኛ ሰው ነው። ሲጢጥ ሲል ሰማሁ አልክ። አስራ ሁለተኛው ግን ድምፅ ካቆመ ቆይቷል።»

«እና ለምን ብዬ እገድለዋለሁ? ቤቱን ከዝርዝሩ አውጥቶታል ብዬሻለሁ» አለ።

«የማይመጣን እንግዳ የት እንዳይቀመጥ ማን ይመክራል? ቤቱን ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። የቀደድከውም ያንን ገጽ ነው።»

መጋረጃው ከእጁ ወደቀ።

«ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም» አለ። «ቢሮዬ ድረስ መጥቶ አነበበልኝ። ደረጃው ላይ ወድቆ ተፈነከተ፤ ቆርቆሮውን ደም ያስነካሁት ኋላ ነው…» ፖሊሶቹ ሲይዙት እንደገና ቀና አለ። «ቤቱ ግን የኔ ነው! ዛሬውኑ ይዘጋል!»

«ቤቱ ከዛሬ ጀምሮ ኤግዚቢት፣ የወንጀል ማስረጃ ነው» አለች መርማሪዋ። «ክርክሩ እስኪያልቅ አንዲት ጡብ የሚነካ የለም። ፊልም ማሳየት ደግሞ ጡብ መንካት አይደለም። የተረፈችውን ገጽ ነገ ምክር ቤቱ ፊት ቆሜ አነባታለሁ፤ የሚከለክለኝ ካለ ይምጣ።»

ኦፕሬተሩ ወደ ማሽናቸው ወጡ። ትኬት ሻጯም እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው መስኮታቸውን ከፈቱ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰልፉ ከበር ወጥቶ ነበር። መርማሪዋም ተሰልፋ የአስራ ሦስተኛውን ወንበር ትኬት ቆረጠች፤ አጠገቧ ያለው አስራ ሁለተኛው በገመድ ታስሯል። መብራቱ ሲጠፋ ኪሷ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። አዛዡ ነው። ከኋላ የተቀመጡ ሴትዮ «ሲኒማ ቤት ነው እኮ» ብለው ገሠጿት።

«እውነትዎን ነው» አለችና አጠፋችው።