የሚያዝያ ባዶ ቦታ

«አየህ፣ መስመሩ ተኝቷል» አለች ኢብሴ፣ የኮምፒውተሩን ስክሪን በጣቷ እያሳየች።

ሰፍዋን ጎንበስ ብሎ አየ። የየወሩ ዝናብ ባር በሚባሉ ሰማያዊ ዓምዶች እንደ አጥር ቆሟል፤ የአርፋጅ ተማሪዎችን ቁጥር የሚያሳየው ቀይ መስመር ግን ከሥር ተጋድሟል። ዝናቡ በሚሊ ሜትር መቶዎችን ያልፋል፣ አርፋጆቹ ሠላሳ እንኳን አይሞሉም። ኢብሴ አልደነገጠችም። ለመስመሩ ብቻ በቀኝ በኩል ሌላ መለኪያ ሰጠችውና ብድግ አለ።

«አቦ አንቺ ልጅ፣ ጠንቋይ ነሽ እንዴ?»

«ኤክሴል ነው ባክህ።»

የመቱ ከተማ ልጅ ሆኖ ዝናብን የማያውቅ የለም፤ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አቶ ኪቲላ ግን «የሚያረፍዱት ስለሰነፉ ነው» ብለዋል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ የግቢው በር ለማንም እንዳይከፈት ነገ ይወስናሉ። ኢብሴ በጭቃማው የኖፓ መንገድ በእግራቸው ከሚመጡት አንዷ ናት። በሩ ከተዘጋ፣ በዘነበ ቁጥር ትምህርቷ ሊቀርባት ነው። በሩ ላይ የሚያዘውን የአርፋጆች መዝገብና ሰፍዋን ዝናብ እየለካ የሚጽፍበትን ደብተር በአንድ ቻርት ላይ ያገናኘችው ለዚህ ነው።

መስከረም ባሩ ረጅም፣ መስመሩም ከፍ ያለ ነው። ጥር ላይ ሁለቱም ወረዱ። ሚያዝያ ላይ ግን ተለያዩ፤ ባሩ ድንክ ሆኖ መስመሩ ሽቅብ ወጣ።

«ሰፍዋን፣ ሚያዝያን እኮ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የተመላለስኩት። በደንብ ለክተሃል?»

ሰፍዋን ጆሮውን አሸት አሸት አደረገ። «የኳስ ውድድር ነበረን... ሁለት ሳምንት አልለካሁም። በግምት ሞላሁት።»

ኢብሴ ተናደደች። በስብሳ በር ላይ የቆመችው እሷ፣ ዝናቡን ከደብተር ያስቀረው እሱ!

«ማል ጎና? ምን እናድርግ ታዲያ?» አለ ቶሎ ብሎ። «ሁለት መቶ በይው። መዝነቡን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ማን ይነቃል?»

ሁለት መቶ ቢገባ ቻርቱ ያምራል። ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆየ።

«ሁለት መቶ ይሁን ሦስት መቶ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ወረቀት ደግሞ የያዘውን አይለቅም። አንዱን ወር ፈጥረን ከተያዝን ሌላውን ማን ያምነናል?»

የሚያዝያን ዝናብ አጠፋችው። ባሩ ጠፋ፤ መስመሩ በባዶው ቦታ ላይ ብቻውን አለፈ። ከሥሩ «አልተለካም» ብላ ጻፈች።

«መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ይሄንን ነው» አለ ሰፍዋን።

«አውቃለሁ። እመልሳለሁ።»

ሰፍዋን ወንበሩን ሳብ አድርጎ ኪቦርዱን ወደ ራሱ አዞረና «አልተለካም» ከሚለው ቀጥሎ ቀስ ብሎ በአንድ ጣቱ ጻፈ፦ «ለኪው ሰፍዋን ነበር»።

ኢብሴ አነበበችው። ሳትሰርዘው «ፕሪንት» የሚለውን ተጫነች።